ያልበረደ እጅ

ያምሮት ቢሰጥ የወንድሜ ልጅ ናት። ፍኖተ ሰላም ፊዚክስ የምታስተምረው፣ ቀጠን ያለችው፣ ራሷን በጥቁር ሻሽ የምታስረው። ተማሪዎቿ ስለ እሷ ብዙ ያወራሉ አሉ። ድሮ ሰማይ ታነብ ነበር፣ አሁን ግን ቀና ብላም አታይ ይላሉ። የሚያወሩት ግማሹ እውነት ነው። የቀረውን ግማሽ የማውቅ እኔ ነኝ፣ አክስቷ እህተ ማርያም። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ዘመን በኩራዝ ብርሃን ነው፤ የሰማሁትን ግን አልረሳም።

መንግሥት የተለወጠ ዓመት፣ በሰማንያ ሦስት ግንቦት ላይ ነው የተወለደች። ቤታችን ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ አንድ ሰዓት ያህል በእግር ተሂዶ ነው። አባቷ ቢሰጥ ገበሬም ነበር፣ ከሰል አክሳይም ነበር። እናታችን የአዊ ሰው ነበረች፤ ከሰል ማክሰሉን ቢሰጥ የተማረ ከእሷ ወንድሞች ነው፣ እጅ ማንበቡን ግን እናታችን ያስተማረች ለእኔ ነው። ይኸን እጅ ማንበብ የምለውን መጀመሪያ ልናገር፣ ያለዚያ የሚከተለው አይገባም።

የባሕር ዛፉ ግንድ ይቆረጥና ይከመራል። ሣርና ቅጠል ይለብሳል፣ በላዩ አፈር ይለብሳል። በአንድ ቀዳዳ እሳት ይገባል፣ ቀዳዳው ይደፈናል። ከዚያ ወዲያ እሳቱን የሚያየው የለም። ከውጭ ላየው መቃብር ነው የሚመስል። ውስጡ ግን ሳምንት፣ ዐሥር ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሲነድ ይሰነብታል። እሳቱ የት እንደደረሰ በሁለት ነገር ይታወቃል። አንደኛው ጭሱ ነው። ነጭና ወፍራም ሲሆን እንጨቱ ውሃውን እየተፋ ነውና ደህና ነው። ቀጥኖ ሰማያዊ ሲሆን ከሰሉ ራሱ እየተበላ ነው፤ ውስጡ ይቦረቦራል፤ ቶሎ ብሎ እርጥብ አፈር መመረግ ነው። ሁለተኛው እጅ ነው። የእጅን ጀርባ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክሮ ማቆየት፣ ማድረቅ፣ ከአፈሩ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ ክምሩን ቀስ ብሎ መዞር። ያኔ ከአፈሩ በታች ያለው ፍም ያለበት ሁሉ ይታወቃል። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «እሳት የነካ እጅ እሳት አይለይም» ትል ነበር። እጄን ሳላበርድ ክምር ዙሪያ ካየችኝ በአርጩሜ ነበር የምትለኝ።

የያምሮት እናት ወይኒቱ፣ ወባ አገሩን በፈጀበት በዘጠና ስድስት ሞተች። ልጅቱ ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። እኔ ባልም ልጅም አልቆየልኝም፤ ጓዜን ጠቅልዬ ወንድሜ ቤት ገባሁ፣ አሳደግኋት። እጅ ማንበቡንም ያን ጊዜ አስተማርኋት። ሲበዛ ጎበዝ ነበረች። ዐይኗን ጨፍና ትዞርና «እትዬ፣ እዚህ ጋ አንድ፣ እዚያ ጋ ደግሞ አንድ ትንሽ» ትለኝ ነበር። ቆፍረን ስናይ ልክ ነበረች።

ዐሥራ ሁለተኛን ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይታ ጨረሰች። ነርስ ልሁን ብላ ነበር። መንግሥት ግን ያን ጊዜ አብዛኛውን ልጅ ሳይንስ ይማር ብሎ ስለነበረ፣ ወረቀቱ ሲመጣ ፊዚክስ ደርሷታል። አለቀሰች። ቢሰጥ፣ «ፊዚክስ ምንድን ነው የሚያክም?» አለኝ። «እኔ ምን አውቄ፣ የሰማይና የምድር ነገር ነው አሉ» አልሁት። «እንግዲያው ዝናብ ታመጣልን» አለና ሳቀ። ወንድሜ እንዲህ ነበር፣ የከፋውን ሁሉ በሳቅ ነበር የሚያሳልፍ።

ተመርቃ መጥታ ፍኖተ ሰላም አስተማሪ ሆነች። ቅዳሜና እሑድ በመኪና ቡሬ፣ ከቡሬ በእግር እኛ ዘንድ ትመጣለች። ክረምት ክረምት ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪ ትማር ጀመር። የሚያስተምሯት ዶክተር ዓለምብርሃን የሚባሉ የአዲስ አበባ ሰው ነበሩ። እሳቸው ናቸው እዚያ ነገር ውስጥ ያስገቧት። አንድ ቀን ላፕቶፗን ይዛ መጣችና ግራጫ፣ ነጠብጣብ የበዛበት ሥዕል አሳየችን። ፈንጣጣ የወጣበት ፊት ነው የመሰለኝ።

«እትዬ፣ ሰማይም ላይ ክምር አለ» አለችኝ።

«ምን?»

«እውነቴን ነው። ኮከብ ብቻውን አይወለድም፤ በሺህ በሚሊዮን ሆኖ ነው። መንደሩ ጋላክሲ ይባላል። ድሮ ድሮ፣ ዓለም ገና ሕፃን ሳለች፣ ከዋክብት እየተንጋጉ የሚወለዱባቸው መንደሮች ነበሩ። ልደት በበዛበት አቧራው ይበዛል። አቧራው የከዋክብቱን ብርሃን ይውጠዋል። በተራ መነጽር ቢያዩት ጨለማ ነው። ግን የዋጠው ብርሃን አቧራውን ያሞቀዋል። ያን ሙቀት የሚያነብ መነጽር አውሮፓውያን ሠርተው ከምድር አርቀው ሰቅለው ነበር። ይኸ እሱ ያነሳው ነው።»

ቢሰጥ የእግሩን ጭቃ በእንጨት እየፋቀ ይሰማል። «ሰማይ ላይ ከሰል አክሳይ አለ በይኛ» አላት።

«አለ፣ አባዬ!»

«ታዲያ እጁን በምን ያበርዳል?»

ልጅቱ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «ይኸን የጠየቀኝ ተማሪ የለም እኮ አባዬ! ያበርዳል። መነጽሩ ራሱ ከሞቀ የሌላውን ሙቀት አያይም። ከበረዶ ይልቅ የሚቀዘቅዝ ነገር ተሸክሞ ነው የሄደ። አራት ዓመት ሳይሞላው ያ ነገር አለቀና ታወረ።»

«ውሃው አለቀበት።»

«ውሃው አለቀበት። ያነሳው ሥዕል ግን ቀርቷል። ፈረንጆቹ አይተው ያልጨረሱትን ነው እኔ የማይ።»

ያን ቀን የነበረው ሳቅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከዚያ ወዲህ እዚያ ቤት እንዲያ አልተሳቀም።

ሁለት ዓመት ሠራችበት። ማታ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ መብራት ካለ፣ ሺህ ሁለት ሺህ ነጥብ አንድ በአንድ ትመረምራለች። መነጽሩ በሦስት ደረጃ ነው አሉ የሚያነብ። ቅርብ ያለው መንደር በመጀመሪያው ይደምቃል። የሩቁ ሙቀት ግን በመንገዱ ርዝመት እየተሳበ፣ እየላላ ይመጣና በሦስተኛው ነው የሚደምቅ። ከእነዚያ ነጥቦች መካከል አንዲት አገኘች። በመጀመሪያው የለችም ለማለት እስኪቃጣ ደብዝዛለች፣ በሁለተኛው ብቅ ብላለች፣ በሦስተኛው ቦግ ብላለች። ማንም አልጻፋትም። ከዚያች ነጥብ ሙቀቱ ሲነሣ ፀሐይ አልነበረችም፣ ምድርም አልነበረችም አለችን። ይኸንስ ለንስሐ አባቴም አልነገርሁ።

ችግሩ አንድ ነበር። ሦስተኛው ደረጃ ይደበዝዛል፤ ሁለት የቅርብ መንደሮች ተጠጋግተው ከሆነ አንድ ሩቅ መንደር ሊመስሉ ይችላሉ።

«ሁለት ክምር ጎን ለጎን ሲጨስ ከወንዝ ማዶ አንድ ነው የሚመስል» አልኋት።

«ዶክተርም እንዲሁ ነው ያሉኝ፣ እትዬ። ሌላ አገር ያለ፣ አጥርቶ የሚያይ መነጽር ይመልከትልን ብለው ጽፈዋል። ወረፋው ረጅም ነው፤ መልሱ ከመመረቂያዬ በኋላ ነው የሚደርስ። እኔ ግን በሁሉ መንገድ ፈትኛታለሁ። አንድ ናት። በጽሑፌ ውስጥ አንድ ናት ብዬ በስሜ አቆማታለሁ።»

ትክክል ከሆነች ያምሮት ከጠመኔና ከሰሌዳ ወጥታ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች፤ ዶክተር ቦታ ሊያስይዙላት ቃል ገብተው ነበር። ቦታውስ ይቅር። ፊቷን ማየት ነበር። ነርስነት ተነጥቃ ስታለቅስ የነበረች ልጅ፣ በዚያች ነጥብ የተነሣ እንደ ሙሽራ ፊቷ በርቶ ነበር።

የሁለት ሺህ ስምንት ኅዳር ሚካኤል እሑድ ላይ ዋለ። ቢሰጥ ትልቅ ክምር ካቀጣጠለ አምስተኛ ቀኑ ነበር። በኅዳር ሚካኤል ጥራጊ ሁሉ ተሰብስቦ በየደጁ ይቃጠላል፤ በሽታ ይወጣል ተብሎ ከድሮ የመጣ ልማድ ነው። አገሩ ሁሉ ጭስ ይሆናል። እኔ ከቅዳሴ ወጥቼ ጽዋ ማኅበር ያለበት ቤት ሄድሁ። የማኅበሩ ተራ የእኔ አልነበረም፤ ቀርቼ ቢሆን የሚከፋው ሰው አልነበረም። ጠላው ግን ጥሩ ነበርና አመሸሁ።

ያምሮት ቤት ቀርታ ጥራጊውን ስታቃጥል ዋለች። ጭሱ ሰፈሩን ስለሸፈነው ቢሰጥ የክምሩን ጭስ ከሌላው ሊለይ አልቻለም። ነጭ ይሁን ሰማያዊ አይታወቅም። ጎረቤታችን ታከለ አጥር ተደግፎ ቆሞ ነበርና የሆነውን የነገረኝ እሱ ነው።

«ያምሮት፣ ነይ እጅሽን አውሺኝ፤ አክስትሽ ጽዋ ላይ ቀልጣ ቀርታለች» አላት አባቷ።

ከእሳቱ ዘንድ እጇን እያራገፈች መጣች። እንስራው ባዶ ነው። ወንዙ ሩቅ አይደለም፣ ግን አልወረደችም። እጇን እፍ እፍ አለችበት፣ በእርጥብ ቅጠል ጠረግ አደረገችው፣ ዞረች።

«አንድ ቦታ ነው አባዬ። በወዲህ፣ በዋርካው በኩል።»

«በወዲያስ?»

«በወዲያ ቀዝቃዛ ነው።»

ታከለ ከአጥሩ ሆኖ፣ «እንግዲህ የሰማዩን ያነበበች ናት፣ የምድሩ አይጠፋትም» ብሎ ቀለደ። ሦስቱም ሳቁ።

ያኔውኑ አፈር ቢመርጉበት ኖሮ፣ ዙሪያውን ሲመርጉ በወዲያም ያለውን ፍም ያገኙት ነበር። ግን የሚካኤል ዕለት መሬት አይቆፈርም። ቢሰጥ ደግሞ የሚካኤል ወዳጅ ነው። ለነገ ይደር አሉ።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ፣ ያምሮት ወደ ሥራዋ ሳትሄድ እንጨርሰው ብለው ወጡ። ሌላ ጊዜ ቢሰጥ ክምር ላይ ሲወጣ ሁለት ግንድ እንደ መሰላል አጋድሞ በእነሱ ላይ ነበር የሚረግጥ። ያን ቀን በዋርካው በኩል ያለውን ትኩሱን ሸሽቶ፣ ቀዝቃዛ ነው በተባለው በኩል፣ ያለ ግንድ ወጣ። እሷ የአፈሩን ቅርጫት ከታች ታቀብለዋለች። ሦስተኛውን ቅርጫት ሊቀበል ሲያጎነብስ ክምሩ ከሥሩ ተደረመሰ። እስከ ወገቡ ገባ።

እኔ ጩኸቱን ሰምቼ ስወጣ ታከለና ያምሮት ብብቱን ይዘው እየጎተቱት ነበር። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

በአይሱዙ ጭነን ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል አደረስነው። ዐሥራ አንድ ቀን ቆየ። ያምሮት ሌት ተቀን ዝንብ ታባርርለታለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ውሃ ልታመጣ ስትወጣ ቢሰጥ ጠራኝ። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

«እህቴ፣ ልጅቱን አደራ።»

«ዝም በል፣ ትድናለህ።»

«አልድንም። ስሚኝ። እጇ እንዳልበረደ አይቻለሁ። ከእሳት ስትመጣ፣ እፍ ስትልበት አይቻለሁ። ሂጂ ወንዝ ነክረሽ ነይ ማለት የእኔ ነበር። ተምራለች፣ ከእኔ ታውቃለች ብዬ ዝም አልሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ንገሪያት።»

«እነግራታለሁ» አልሁት።

በኅዳር ሃያ ሦስት ዐረፈ።

አሁን ወደ እኔ ኃጢአት ደረስሁ። ለቅሶው ላይ አስለቃሿ ደረት እያስመታች ስትዞር፣ እህቱ ናትና ግጥሙን ትስጥ ተባልሁ። እኔ በአገሩ ሙሾ አዋቂ የምባል ነኝ። ወንድሜ ተቃጥሎ ሞቶብኛል፤ ልጅቱ ፊቷን ነጭታ ተቀምጣለች፤ ሳያት ውስጤ እሳት ሆነ። ያለኝን አደራ አውቃለሁ። እያወቅሁ አፌን ከፈትሁ፦

የሰማዩን ነዲድ ከሩቅ ያየሽው፣
የአባትሽን እሳት ከቅርብ የሳትሽው።

ለቀስተኛው ተቀበለው፤ ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ ተመላለሰ። ያምሮት ራሷን ቀና አድርጋ አየችኝ። አላለቀሰችም። ያን ዕለት ያየችኝበትን ዐይን መቃብር ነው የሚያስረሳኝ።

ሙሾ ከአፍ ከወጣ የባለቤቱ አይደለም። በሳምንቱ የቡሬ ገበያ ሰማሁት። በወሩ አንድ የማላውቀው ሰው መኪና ውስጥ፣ የማን እንደሆነ ሳያውቅ አለልኝ፤ «ቆንጆ ግጥም ነው፣ እማማ» ብሎ።

እሷ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፣ ጽሑፏንም ቀጠለች። ቢሰጥ ያለኝን ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ እያልሁ ቆየሁ። ብነግራት ታዲያ አውቀሽ ነው እንዲያ ያልሽኝ ልትለኝ ነው። ያን ፈራሁ። ክረምት ሲቃረብ ልጠይቃት ፍኖተ ሰላም ሄጄ ሳለሁ ዶክተር ዓለምብርሃን ደወሉ። ክፍሏ ጠባብ ናት፣ ስልኩ ይጮሃል፣ የእሳቸውም ድምፅ ይሰማል።

«ያምሮት፣ ጽሑፍሽን አየሁት። ነጥቧ የት ሄደች?»

«አወጣኋት፣ ዶክተር።»

«ለምን?»

«ሁለት ልትሆን ትችላለች።»

«ትችላለች! ትችላለች ብለሽ ጻፊያ! ማነው አታመንቺ ያለሽ? የጽሑፍሽ ነፍስ እሷ ናት እኮ፣ ልጄ። እሷን ካወጣሽ የቀረው ዝርዝር ነው።»

«ዝርዝሩ ይበቃኛል።»

«አንቺው አይደለሽ ስድስት ጊዜ ፈተንኋት ያልሽኝ?»

ያምሮት ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዞረች። ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ዶክተር፣ አንድ ነው ብዬ አንድ ጊዜ ተናግሬያለሁ። ሁለተኛ አልልም» አለቻቸው።

እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። አደራው ምላሴ ላይ መጣ። ያን ሰዓት ብነግራት ጽሑፉ ገና ከእጇ አልወጣም ነበር። ዋጥሁት። «ሽሮ ልሥራልሽ?» አልሁ። «ይሥሩ» አለችኝ።

ያለ ነጥቧ ተመረቀች። ማለፍ አለፈች። በዩኒቨርሲቲው ያስታወሳት አልነበረም።

ዶክተር በዓመቱ፣ በሁለት ሺህ ዘጠኝ ግንቦት፣ ወደ ባሕር ዳር ሲያልፉ ፍኖተ ሰላም ወረዱ። በስልክ አይነገርም ብለው ነው። እኔም ያን ሰሞን ዐይኔን ልታከም ሄጄ እሷ ዘንድ ነበርሁ። የፈተና ወረቀት ስታርም ደረሱ። ሽበታም፣ ትሑት ሰው ናቸው። አንድ ወረቀት ከቦርሳ አወጡ።

«መልሱ መጣ» አሏት። «የውጭ አገሩ መነጽር አጥርቶ አየልን።»

ያምሮት እስክሪብቶዋን አላስቀመጠችም።

«አንድ ናት፣ ያምሮት። አንድ ናት፤ ያልሽውም ቦታ ላይ ነው ያለች። እኛ ከገመትነውም ትርቃለች።»

የያዘችውን ወረቀት አርማ ጨረሰች። «ማን ጻፋት?» አለች ኋላ።

«እዚያው ያሉት ሰዎች። እኔ ስምሽን ላስገባ ታገልሁ። ነጥቧ በጽሑፏ ውስጥ የለችም አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ የለችም።» ፊታቸውን ጠረጉ። «ይቅርታ አድርጊልኝ። በግድ ላስጽፍሽ ይገባኝ ነበር።»

«እርስዎ ምን አደረጉ ዶክተር» አለች። ሸኘቻቸው። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትተውት ሄዱ።

ስትመለስ ነገርኋት። ቢሰጥ ያለውን ሁሉ፣ ቃል ሳልቀንስ። አስቀድሜ አውቄ ሙሾውን እንዳወጣሁም ነገርኋት። መሬት ላይ ተቀምጬ ነበር፣ እግሯን ልይዝ።

«ይነሡ፣ እትዬ» አለችኝ።

«ልጄ...»

«አባዬ እጄን አይቶ ነበር?»

«አይቶ ነበር።»

«እርስዎ ያኔ፣ ሽሮ ልሥራልሽ ያሉኝ ቀን...» ብላ ጀመረችና ተወችው። ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበች። የተማሪ ወረቀት ገለጠች፣ ቀዩን እስክሪብቶ አነሣች። እያረመች፣ ሳታየኝ፣ «ይበቃል፤ ነገሩኝ እኮ» አለች።

አሁንም በየበዓሉ ትመጣለች፣ ስኳርና ሳሙና ይዛልኝ። ሰላምታዋ አልጎደለም። ክምሩ በነበረበት ቦታ ጎመን ተክያለሁ፤ ጥቁር አፈር ነው፣ ይበቅላል። እሷ በዚያ በኩል አትዞርም፣ ጎመኑንም አትበላ። ማታ ወጥተን ስንቀመጥ ሰማዩ እንደዚያው ሙሉ ነው። እሷ መሬት መሬት ታያለች።

ዶክተር የተዉትን ወረቀት ልትጥለው ስትል ለምኜ ወሰድሁት። በዳዊቴ መካከል አስቀምጬዋለሁ። ግራጫ ነው፣ መሐሉ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታክል ነጥብ አለች። አንዳንድ ጠዋት፣ ጸሎቴን ሳደርስ፣ እጄን በእንስራው ውሃ እነክራለሁ፣ አቆየዋለሁ፣ አደርቀዋለሁ። ከዚያ ከነጥቧ በላይ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጌ እይዘዋለሁ። ምንም የለም። ወረቀት ነው።